የኮላጅን ሰንሰለቶች እንዴት ይጋመዳሉ? በፈሳሽ ውስጥ በ40 ዲግሪ የሚፈታው ሞለኪውል በቆዳ ውስጥ እስከ 60 ዲግሪ የሚጸናውስ ለምንድን ነው?

ጠያቂ፦ የጥራት ክፍል ባልደረባ

ለመድረኩ ተሳታፊዎች የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የምሠራው በአንድ የቆዳ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲሆን፣ ከየዕለቱ ሥራችን አንዱ የቆዳን የመኮማተር ሙቀት መለካት ነው። ከቆዳው ላይ ቀጭን ቁራጭ ተቆርጦ ውሃ ውስጥ ይንጠለጠላል፤ ውሃው ቀስ በቀስ እየሞቀ ሲሄድ ቁራጩ በድንገት የሚያጥርበት ዲግሪ ይመዘገባል። ያልለፋ ቆዳ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው መካከል ይኮማተራል፤ በዕፅዋት ታኒን የለፋው አብዛኛውን ጊዜ ከ75 እስከ 85 ይደርሳል፤ በክሮም በሚገባ የለፋ ዌት ብሉ (ገና ያልደረቀ ሰማያዊ ቆዳ) ግን የፈላ ውሃ ውስጥ ገብቶ መጠኑ ሳይቀንስ ይወጣል።

የእነዚህን ቁጥሮች ምክንያት ለመረዳት የቆዳ ዋና ፕሮቲን ስለሆነው ስለ ኮላጅን የተጻፉ የባዮኬሚስትሪ መጻሕፍትን ሳነብ አንድ የማይገጥምልኝ ነገር አገኘሁ። መጻሕፍቱ በፈሳሽ ውስጥ የሟሟ የኮላጅን ሞለኪውል በ40 ዲግሪ አካባቢ ሦስቱ ሰንሰለቶቹ ተፈትተው ጄላቲን እንደሚሆን ይናገራሉ። ቆዳው ውስጥ ያለው ደግሞ ያው ሞለኪውል ነው። ታዲያ በቁጥሮቹ መካከል ያለው የ20 ዲግሪ ልዩነት ከየት መጣ?

ከዚህ ጋር ሌሎች ሁለት ነገሮችም እንዲብራሩልኝ እሻለሁ። አንደኛው፣ ሦስት ረጃጅም ሰንሰለቶች በተጨናነቀው ሕዋስ ውስጥ ተፈላልገው አንዱ ከሌላው ሳይዛነፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚጋመዱት እንዴት እንደሆነ ነው። ሁለተኛው፣ ውፍረቱ አንድ ተኩል ናኖሜትር ብቻ የሆነን ነገር ሳይንቲስቶች ቅርጹን በምን እንዳወቁት ነው፤ «በኤክስሬይ ታየ» የሚለው አጭር መልስ አያረካኝም፣ ምክንያቱም በኤክስሬይ ምን እንደታየና ከታየው ምን እንደተደመደመ አይነግረኝም።


መልስ፦ የባዮኬሚስትሪ መምህር

ጥያቄዎ ሦስት ጥያቄዎችን የያዘ ስለሆነ፣ እኔ የማስተምረውን ክፍል፣ ማለትም የሰንሰለቶቹን መገናኘት ልውሰድና የሙቀቱንና የምርምር ስልቱን ጉዳይ ለሌሎች ልተው።

በጀርባ አጥንት እንስሳት ውስጥ 28 የኮላጅን ዓይነቶች ተለይተዋል፤ በእርስዎ ቆዳ ውስጥ የሚበዛው ዓይነት አንድ ነው። ይህ ሞለኪውል የሚሠራው ከሁለት አልፋ-1 ሰንሰለቶችና ከአንድ አልፋ-2 ሰንሰለት ሲሆን፣ የሁለቱ ዘረ መሎች በሰው ላይ በተለያዩ ክሮሞሶሞች፣ አንዱ በ17ኛው ሌላው በ7ኛው ላይ ይገኛሉ። በእያንዳንዱ ሰንሰለት ውስጥ የሚጋመደው ክፍል አንድ ሺህ ያህል አሚኖ አሲዶች አሉት፤ በአልፋ-1 በትክክል 1014። ከእነዚህም በየሦስተኛው ቦታ ያለ አንዳች ማቋረጥ ግላይሲን ይቀመጣል። ምክንያቱ የቦታ ጥበት ነው። ሦስቱ ሰንሰለቶች ሲጋመዱ ከእያንዳንዳቸው በየሦስተኛው ያለው አሚኖ አሲድ ወደ መካከለኛው ዘንግ ይገባል፣ በዚያም ከአንዲት የሃይድሮጅን አቶም የሚበልጥ የጎን ቡድን የሚያስገባ ክፍተት የለም። የጎን ቡድኑ አንዲት ሃይድሮጅን ብቻ የሆነው አሚኖ አሲድ ደግሞ ግላይሲን ነው። ከእነዚህ ግላይሲኖች አንዱ ብቻ በሌላ አሚኖ አሲድ ሲተካ ኦስቲዮጄኔሲስ ኢምፐርፌክታ የሚባለው፣ ሕፃናት በቀላሉ የሚሰበር አጥንት ይዘው የሚወለዱበት በሽታ ሊከተል ይችላል። ከሺህ በላይ ከሆኑ አሚኖ አሲዶች አንዱ ተለውጦ መላው አጽም ሲዳከም ማየት፣ ይህን ሞለኪውል በቁም ነገር እንድንመለከተው የሚያስገድድ ይመስለኛል።

ጠመዝማዛው አቅጣጫ አለው። እያንዳንዱ ሰንሰለት ለብቻው ወደ ግራ ይጠመዘዛል፣ ሦስቱ በአንድነት ግን ወደ ቀኝ ይጋመዳሉ። ገመድ የሠራ ሰው ነጠላው ፈትል በአንድ አቅጣጫ ተከርሮ ግምዱ በተቃራኒው ካልሄደ ገመዱ እንደሚላላ ያውቃል፤ እዚህም ሞለኪውሉ ሲወጠር እንዳይተረተር የሚያግዘው ይኸው የአቅጣጫ መቃረን ነው።

ከግላይሲን በኋላ ባሉት ሁለት ቦታዎች ላይ ፕሮሊንና ሃይድሮክሲፕሮሊን በብዛት ይገኛሉ። ሃይድሮክሲፕሮሊን በዘረ መሉ ላይ የተጻፈ አይደለም። ሰንሰለቱ ፕሮቲን ከሚሠራበት ከሪቦሶሙ እየወጣ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ወደሚባለው የሕዋስ ክፍል ሲገባ፣ ፕሮሊል ሃይድሮክሲሌዝ የሚባል ኢንዛይም ከግላይሲን ቀድሞ በተቀመጠው ፕሮሊን ላይ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ይጨምራል፤ ለዚህም ሥራው ብረት፣ ኦክስጅን፣ ሁለት-ኦክሶግሉታሬት የሚባል አሲድና ቫይታሚን ሲ ያስፈልጉታል። ቫይታሚን ሲ በኢንዛይሙ ውስጥ ያለው ብረት ኦክሳይድ ሆኖ ከሥራ ውጭ እንዳይሆን ይጠብቀዋል። ይህ ጭማሪ ያልተደረገበት ኮላጅን በ24 ዲግሪ ገደማ ይፈታል፣ ይህም ማለት በሰውነታችን ሙቀት ፈጽሞ ሊጋመድ አይችልም። ጄምስ ሊንድ እ.ኤ.አ. በ1747 ሳልስበሪ በተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ላይ ድዳቸው የሚደማ መርከበኞችን በብርቱካንና በሎሚ ሲያክም ያዳነው፣ ዛሬ በምናውቀው ቋንቋ ስንናገረው፣ የዚህን ኢንዛይም ሥራ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። ሰንሰለቶቹ የሚገናኙት መጀመሪያ በሚሠራው በአሚኖ ጫፍ ሳይሆን መጨረሻ ላይ በሚወጣው በካርቦክሲል ጫፍ ነው፤ ይህም ሕዋሱ ሰንሰለቱን ሳያጠናቅቅ ግመዳው እንዳይጀመር ያደርጋል። በዚያ ጫፍ ላይ ግላይሲን በየሦስተኛው የሚደጋገምበት ሥርዓት የሌለው፣ ድቡልቡል ሆኖ የሚታጠፍ ተጨማሪ ክፍል አለ፣ ፕሮፔፕታይድ ይባላል። የሦስቱ ሰንሰለቶች ፕሮፔፕታይዶች እርስ በርስ ተያይዘው ሦስቱን ክሮች በአንድ መስመር ያቆሟቸዋል። በአንድ ሕዋስ ውስጥ የዓይነት አንድና የዓይነት ሦስት ሰንሰለቶች ጎን ለጎን እየተሠሩ የማይደባለቁትም በዚሁ ክፍል የተነሳ ነው፤ በ1997 በማንቸስተር የተደረገ ጥናት ምርጫውን የሚወስኑት በፕሮፔፕታይዱ ውስጥ የሚገኙ፣ ተከታታይ ያልሆኑ 15 አሚኖ አሲዶች መሆናቸውን አሳይቷል፣ በ2012 ደግሞ በሊዮን የሚገኝ የምርምር ቡድን የዓይነት ሦስትን ፕሮፔፕታይድ በክሪስታል አጥንቶ ግንድና ሦስት ቅጠሎች ያሉት የአበባ ቅርጽ እንዳለው አቅርቧል።

ይህ መነሻ የሌለው ኮላጅን ምን እንደሚሆን ማየት ለሚፈልግ የጄላቲን ነገር ይበቃል። ኮላጅን ተቀቅሎ ከተፈታ በኋላ ሲቀዘቅዝ ሰንሰለቶቹ እንደገና ለመጋመድ ይሞክራሉ፣ ነገር ግን ፕሮፔፕታይዶቹ ቀድሞ ስለተቆረጡ መነሻቸውን አያገኙም፤ አንዱ በወገቡ ሌላው በጫፉ እየተያያዘ አጫጭርና የተዛነፉ ግምዶችን ይፈጥራሉ፣ የእግር መረቅ ሲቀዘቅዝ የሚረጋውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መነሻው ከተያዘ በኋላ ግመዳው ወደ አሚኖ ጫፍ ይጓዛል፣ ጉዞው ግን ዝግተኛ ነው። ፕሮሊን ያለበት የፔፕታይድ ትስስር በሁለት አቀማመጦች ሊገኝ ይችላል፣ በሦስትዮሹ ግምድ ውስጥ የሚገባው ግን አንዱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ግመዳው ያልተስተካከለ ፕሮሊን በደረሰ ቁጥር ትስስሩ እስኪዞር ይጠብቃል። ይህን ማዞር የሚያፋጥኑ ኢንዛይሞች በሬቲኩለሙ ውስጥ አሉ። ኤችኤስፒ-47 የሚባል ረዳት ፕሮቲንም የተጋመደውን ክፍል ይዞ መልሶ እንዳይፈታ ይደግፈዋል። እዚህ ላይ የዘረ መል ጉድለት ግመዳውን ቢያዘገየው፣ ኢንዛይሞቹ ገና ባልተጋመደው ክፍል ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚሠሩ ሰንሰለቱ ከመጠን በላይ ስኳርና ሃይድሮክሲል ይጫንበታል፤ ሐኪሞች ይህን ክብደት ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ በሚለየው በኤሌክትሮፎረሲስ አይተው ጉድለቱን ሊጠረጥሩ ይችላሉ።

ሞለኪውሉ ከሕዋስ ሲወጣ በሁለቱም ጫፍ ያሉት ፕሮፔፕታይዶች በተለያዩ ኢንዛይሞች ይቆረጣሉ፣ የቀረውም 300 ናኖሜትር የሚረዝም ቀጭን ዘንግ ከመሰሎቹ ጋር ተሰልፎ ፋይብሪል ይሠራል። ለቆዳ ባለሙያ የሚጠቅም አንድ ማስረጃ ልጨምር፦ በአሚኖ ጫፍ ያለውን የሚቆርጠው ኢንዛይም ሲጎድል ፋይብሪሎቹ ክብ ወርዳቸውን አጥተው ቅርጻቸው የተበላሸ ይሆናሉ፤ በቤልጅየም ጥጆች ላይ የተገኘውና ደርማቶስፓራክሲስ የተባለው፣ ቆዳቸው በትንሽ ጉተታ የሚቀደድበት የዘር በሽታ የመጣው ከዚህ ነው።


መልስ፦ የክሪስታል ጥናት ተማሪ

በኤክስሬይ ምን እንደታየ መጠየቅዎ ተገቢ ነው። በኤክስሬይ የታየው ሞለኪውሉ ራሱ አልነበረም። የተወጠረ ጅማት በጨረሩ ፊት ሲቀመጥ፣ በውስጡ በእኩል ርቀት የሚደጋገመው ነገር ሁሉ ጨረሩን በተወሰነ ማዕዘን ይበትነዋል፣ በፊልሙ ላይም ነጠብጣቦችና ቅስቶች ይቀራሉ። ከእነዚህ የሚነበበው የመደጋገሚያው ርቀት ነው፤ ቅርጹን ግን ተመራማሪው በሐሳቡና በሽቦ ሞዴል ይሠራና፣ ሞዴሉ ያንኑ ነጠብጣብ ይሰጥ እንደሆነ ያሰላል። ስለዚህ ኤክስሬዩ የሚያደርገው በቀረበው ሞዴል ላይ መፍረድ ነው፣ ብዙ ሞዴሎችም ተፈርዶባቸዋል።

በእንግሊዝ አገር በሊድስ ዊሊያም አስትበሪ በ1930ዎቹ የኮላጅንን ፎቶግራፎች ሲያጠና በሰንሰለቱ ዘንግ ላይ 0.286 ናኖሜትር ያህል የሚደጋገም ርቀት ተገኝቶ ነበር። በ1951 ሊነስ ፖሊንግና ሮበርት ኮሪ ባለ ሦስት ሰንሰለት ሞዴል አቀረቡ፣ የሰንሰለቶቹ ቁጥር ልክ ሲሆን አቀማመጣቸው ግን ስሕተት ነበር። በ1952 አየርላንድ የተወለደው ሳይንቲስት ጆን ዴዝመንድ በርናል በሕንድ የምትገኘውን ማድራስን ሲጎበኝ የኮላጅን ቅርጽ ገና እንዳልተፈታ በዚያ ለሚሠራው የፊዚክስ ሊቅ ለጂ. ኤን. ራማቻንድራን ነገረው፤ ራማቻንድራንም ከጎፒናት ካርታ ጋር በ1954 ጎን ለጎን የቆሙ ሦስት ጠመዝማዛ ሰንሰለቶችን የያዘ ሞዴል አሳተመ፣ በ1955 ደግሞ ሦስቱ እርስ በርስ እንዲጋመዱ አድርጎ አስተካከለው። ግላይሲን በየሦስተኛው ቦታ መቀመጥ ያለበት ለምን እንደሆነ በቅርጽ ያስረዳው ይህ የማድራስ ሥራ ነው።

በዚያው በ1955 አሌክሳንደር ሪችና ፍራንሲስ ክሪክ ከካምብሪጅ፣ እንዲሁም በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ የነበሩ ተመራማሪዎች ተቀራራቢ ሞዴሎችን አቀረቡ። ክርክሩ በዝርዝሩ ላይ ነበር፦ የማድራሱ ሞዴል በየሦስቱ አሚኖ አሲዶች ሁለት የሃይድሮጅን ትስስሮች እንዳሉ ሲል፣ ካምብሪጆች አንድ ብቻ ነው፣ የእናንተ ሞዴል አንዳንድ አቶሞችን ከሚፈቀደው በላይ አቀራርቧል ብለው ተቃወሙ። ራማቻንድራን ተቃውሞውን በዋዛ አላለፈውም። አቶሞች በእርግጥ ምን ያህል ሊቀራረቡ እንደሚችሉ ለማወቅ ከዚያ በፊት የታወቁትን ክሪስታሎች ሁሉ መረመረ፤ ከዚህ ምርመራ በ1963 የወጣው የማዕዘን ካርታ ዛሬ የማንኛውም ፕሮቲን ቅርጽ ልክነት የሚፈተሽበትና በስሙ የሚጠራው ሰንጠረዥ ነው። በኮላጅኑ ዝርዝር ካምብሪጆች ትክክል ነበሩ፣ ትስስሩ አንድ ነው። ሆኖም የሦስትዮሹ ግምድ ሐሳብ ከማድራስ ቀድሞ መውጣቱ በብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ሳይጠቀስ መቅረቱ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

የመጨረሻው ፍርድ የመጣው አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ሙሉው ሞለኪውል ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ጥሩ ክሪስታል አይሠራም። በመሆኑም የሄለን በርማንና የባርባራ ብሮድስኪ የምርምር ቡድኖች 30 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት አጭር ፔፕታይድ አሠርተው፣ በመካከሉ አንዱን ግላይሲን በአላኒን ተክተው ክሪስታሉን አጠኑ፤ በ1994 በ0.19 ናኖሜትር የጥራት ደረጃ ያሳተሙት ውጤት የእያንዳንዱን አቶም ቦታ ገለጸ። በየሦስቱ አሚኖ አሲዶች አንድ ቀጥተኛ የሃይድሮጅን ትስስር ታየ፤ አላኒን በገባበት ቦታም ግምዱ ሳይበጠስ ጥቂት ላልቶ፣ ትስስሮቹ ቀጥታ መሆናቸው ቀርቶ በውሃ ሞለኪውሎች በኩል ሲያያዙ ታየ። ባለፈው መልስ የተጠቀሰው የአጥንት በሽታ በአቶም ደረጃ ምን እንደሚመስል የተገለጠው ያን ጊዜ ነው።

በዚሁ ክሪስታል ላይ ሃይድሮክሲፕሮሊንን የከበበ የውሃ መረብ ስለታየ፣ ብዙዎች ጽናቱን የሚሰጠው ይህ ውሃ ነው ብለው አመኑ። ነገር ግን በ1998 በሮናልድ ሬይንስ ቤተ ሙከራ የተሠራ ፔፕታይድ ሌላ ነገር አሳየ። በሃይድሮክሲሉ ምትክ ፍሎሪን ተደረገበት፣ ፍሎሪን ውሃን በሃይድሮጅን ትስስር የመያዝ ችሎታው እጅግ ደካማ ነው፣ ግምዱ ግን ከቀድሞው ይልቅ ጸና። ትርጓሜው፣ ኤሌክትሮን የሚስበው አቶም የፕሮሊኑን ቀለበት ለግመዳ በሚመች ቅርጽ አስቀድሞ ያዘጋጀዋል የሚል ነው። እኔ በግሌ በዚህ ዘርፍ ከተሠሩት ሙከራዎች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፤ በአንድ አቶም ለውጥ ሁለት መላምቶችን ለይቶ አሳይቷልና።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ነጠላው ሞለኪውል ነው። ፋይብሪሉ ሌላ መሣሪያ ይፈልጋል። በ1942 ፍራንሲስ ሽሚት፣ ሲሲል ሆልና ሜሪ ጃከስ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ኮላጅንን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ ፋይብሪሎቹ ከዳር እስከ ዳር በእኩል ርቀት የተሸነተሩ ሆነው ታዩ። የሽንትሮቹ ርቀት በእርጥብ ጅማት 67 ናኖሜትር ነው፣ ሲደርቅ ጥቂት ያጥራል። እንቆቅልሹ የ300 ናኖሜትር ሞለኪውል የ67 ናኖሜትር ሽንትር እንዴት ይሰጣል የሚል ነበር። በ1963 አለን ሆጅና ጆን ፔትሩስካ ፈቱት፦ እያንዳንዱ ሞለኪውል ከጎረቤቱ በ67 ናኖሜትር ተንሸራትቶ ይሰለፋል፣ የሞለኪውሉ ርዝመት ግን የ67 ሙሉ ብዜት ሳይሆን አራት ከግማሽ እጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ በአንዱ ጫፍና በቀጣዩ ሞለኪውል መነሻ መካከል ባዶ ቦታ ይቀራል። ለማይክሮስኮፕ የሚቀባው የከባድ ብረት ቀለም በክፍተቶቹ ውስጥ ተጠራቅሞ ጥቁር ሽንትር ይሆናል። በአጥንት ውስጥም ማዕድኑ መጀመሪያ የሚገባው በእነዚሁ ክፍተቶች ነው።

ሞለኪውሎቹ በፋይብሪሉ ውስጥ በሦስቱም አቅጣጫ እንዴት እንደሚደረደሩ ለማወቅ እስከ 2006 ድረስ መጠበቅ አስፈልጓል። ጆሴፍ ኦርጀልና ባልደረቦቹ የአይጥ ጅራት ጅማትን እንዳለ ወስደው፣ በሺካጎ አቅራቢያ በሚገኘው የአርጎን ሲንክሮትሮን (ኃይለኛ ኤክስሬይ የሚያመነጭ ማሽን) ጨረር መረመሩት፤ በከባድ አቶሞች የተነከረውን ካልተነከረው ጋር በማነጻጸርም ሞለኪውሎቹ አምስት አምስት ሆነው ወደ ቀኝ የተጠማዘዙ ንዑስ ፋይብሪሎችን እንደሚሠሩ፣ እነዚህም ከጎረቤቶቻቸው ጋር እንደተሳሰሩ አሳዩ። በስፋቱ አቅጣጫ የምስሉ ጥራት አንድ ናኖሜትር ያህል ስለሆነ በዚያ አቅጣጫ ነጠላ አቶሞች አይለዩበትም። ቢሆንም ናሙናው ያልሟሟና ያልተፈጨ፣ ከእንስሳው እንደወጣ ያለ ጅማት መሆኑ ለእኔ ትልቅ ዋጋ አለው።


ጠያቂ፦ የጥራት ክፍል ባልደረባ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሽንትሩ የሚፈጠረው የሞለኪውሉ ርዝመት የ67 ናኖሜትር ሙሉ ብዜት ባለመሆኑ መሆኑን አላውቅም ነበር። የ40ና የ60 ጉዳይ ግን ገና አልተፈታልኝም፤ በተጨማሪም በእኛ ዘንድ የጥጃ ቆዳ ከሽማግሌ በሬ ቆዳ ይልቅ በኖራና በአሲድ ውስጥ ቶሎ እንደሚላላ ስለሚታወቅ፣ ይህም ከግመዳው ጋር ግንኙነት እንዳለው ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።


መልስ፦ የልፋት ኬሚስት

ሙያችን አንድ ስለሆነ ይህን እኔ ብመልስ አይከፋም።

በመጀመሪያ 40 የሚለው ቁጥር ራሱ ጽኑ አይደለም፣ ፈሳሹ በምን ፍጥነት እንደሚሞቅ ይወስነዋል። በ2002 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የሚሠሩ ተመራማሪዎች ማሞቂያውን እጅግ አዝግመው ሲለኩ፣ የሰው ዓይነት አንድ ኮላጅን በሰውነት ሙቀት እንኳ ሳይቀር ቀስ በቀስ እንደሚፈታ አገኙ። ይህ ማለት ነጠላው ሞለኪውል የተሠራው በሚኖርበት ሙቀት አፋፍ ላይ እንዲቆም ሆኖ ነው። በቀዝቃዛ ባሕር የሚኖረው የኮድ ዓሣ ኮላጅን ሃይድሮክሲፕሮሊኑ አነስተኛ ነው፣ በ15 ዲግሪ ገደማም ይፈታል፤ ለዓሣው በሚኖርበት ውሃ ይበቃዋል።

ሞለኪውሉን ከአፋፉ የሚያርቀው በፋይብሪሉ ውስጥ መታሸጉ ነው። አንድ ግምድ ሲፈታ የሚያገኘው ጥቅም፣ ሰንሰለቶቹ በየአቅጣጫው የመጣጠፍ ነጻነት ነው፤ ሙቀት መፍታትን የሚያበረታታውም በዚህ ነጻነት በኩል ነው። በፈሳሽ ውስጥ ይህ ነጻነት ወሰን የለውም ማለት ይቻላል። በፋይብሪል ውስጥ ግን ዙሪያውን ጎረቤት ሞለኪውሎች ስለያዙት፣ የተፈታው ሰንሰለት የሚጣጠፍበት ስፍራ አያገኝም፣ ስለዚህ መፍታቱ የሚያዋጣው ከፍ ባለ ሙቀት ብቻ ይሆናል። ውሃው ሲቀንስና ሞለኪውሎቹ ይበልጥ ሲጠጋጉ የመፍቻው ሙቀት ይጨምራል፣ ደረቅ ቆዳ ከ100 ዲግሪ በላይ የሚቋቋመውና የእኛም መለኪያ ሁልጊዜ በውሃ ውስጥ የሚደረገው ለዚህ ነው። ብዙ የሙያ ባልደረቦቻችን የ20 ዲግሪውን ልዩነት ሙሉ በሙሉ በሞለኪውሎች መካከል ላለው ኬሚካዊ ማያያዣ ሲሰጡት እሰማለሁ፤ ይሁን እንጂ በቤተ ሙከራ ከሟሟ ኮላጅን እንደገና የተሠሩ፣ ማያያዣ ያልገባባቸው ፋይብሪሎችም ከነጠላው ሞለኪውል በላቀ ሙቀት ስለሚፈቱ፣ ቀዳሚው ምክንያት መታሸጉ ነው ብዬ አምናለሁ።

ማያያዣው ግን የሁለተኛው ጥያቄዎ መልስ ነው። ፋይብሪሉ ከተሠራ በኋላ ሊሲል ኦክሲዴዝ የሚባል፣ መዳብ የሚፈልግ ኢንዛይም በሞለኪውሎቹ ጫፍ ያሉ ላይሲኖችን ይለውጥና ከጎረቤት ሞለኪውል ጋር እንዲቆላለፉ ያደርጋል። ቁልፎቹ መጀመሪያ ላይ አሲድ የሚፈታቸው ናቸው፤ እንስሳው ሲያረጅ ግን አሲድም ሙቀትም ወደማይፈታቸው ቁልፎች ይለወጣሉ። ተመራማሪዎች ኮላጅንን ለማሟሟት የጥጃ ቆዳና የአይጥ ጅራት የሚመርጡት፣ የእርስዎም የጥጃ ቆዳ ቶሎ የሚላላው ከዚህ የተነሳ ነው።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሊሳሳትበት የሚችል አንድ ነገር እዚህ ላይ ላርም። ይህን ኢንዛይም የሚያግድ ንጥረ ነገር የተገኘው ለጌጥ በሚተከል የጓያ ዘመድ ፍሬ ውስጥ ነው፤ ፍሬውን የተመገቡ አይጦች አጥንታቸው ይጣመማል፣ የደም ሥራቸውም ይቀደዳል። በአገራችን በድርቅ ጊዜ ጓያን አብዝተው በሚመገቡ ሰዎች ላይ የሚደርሰው የእግር ሽባነት ግን ነርቭን ከሚጎዳ ሌላ ንጥረ ነገር የሚመጣ ነው። ሁለቱ በሽታዎች ላቲሪዝም በሚል አንድ ስም ስለሚጠሩ፣ የእኛው ጓያ ኮላጅንን ያዳክማል ብሎ መጻፍ ስሕተት ይሆናል።

ክሮምን በተመለከተ፣ የክሮም ውሁዶች በኮላጅኑ የጎን ቡድኖች ላይ ካሉት የካርቦክሲል አሲዶች ጋር ይያያዛሉ፤ ሦስትዮሹ ግምድ ባለበት ሆኖ በዙሪያው ያለው ሁሉ ስለሚጠብቅ የመፍቻው ሙቀት ከፈላ ውሃ በላይ ይወጣል። ዕፅዋታዊ ታኒን በአብዛኛው በሃይድሮጅን ትስስር ስለሚያዝ ጥበቃው ያነሰ ነው።


መልስ፦ የብራና ጥበቃ ባለሙያ

ውይይቱ እኛንም የሚነካ ስለሆነ ጥቂት ልጨምር። ብራና ያልለፋ ቆዳ ነው። የፍየሉ ወይም የበጉ ቆዳ በውሃ ተዘፍዝፎ፣ በፍሬም ላይ ተወጥሮ፣ ተፍቆ ይደርቃል፤ በአገራችን ባህላዊ አሠራር በአብዛኛው ኖራ እንኳ አይነካውም። ስለዚህ ክሮምም ታኒንም የሌለበት ኮላጅን ነው፣ ጽናቱም ከላይ በተነገረው መታሸግና መቆላለፍ ላይ ብቻ የተመሠረተ ነው። የአባ ገሪማ ወንጌላት ብራና በራዲዮካርቦን ተለክቶ እ.ኤ.አ. ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ መመደቡ፣ ይህ ጽናት በደረቅና በቀዝቃዛ ስፍራ ምን ያህል ሊቆይ እንደሚችል ይናገራል። የተለካውም ካርቦን በዋናነት የኮላጅኑ ነው።

የኮላጅን ሰንሰለት በየእንስሳው በጥቂት አሚኖ አሲዶች ስለሚለያይ፣ ብራናው የፍየል፣ የበግ ወይስ የጥጃ መሆኑን ከፔፕታይዶቹ ክብደት መለየት ይቻላል። በ2015 የታተመ ጥናት ለዚህ የሚያስፈልገው ናሙና በተራ ላጲስ ገጹን በቀስታ በማሸት ከሚገኘው ብናኝ ሊወሰድ እንደሚችል አሳይቷል፤ ከቅዱስ መጽሐፍ ገጽ ላይ ቁራጭ መቁረጥ ለማይታሰብባቸው ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት ይህ ታላቅ እፎይታ ነው።

የመኮማተር ሙቀትንም እንለካለን። በቆዳ ፋብሪካ የሚቆረጠውን ያህል ቁራጭ ከብራና መውሰድ ስለማይፈቀድ፣ ጥቂት የኮላጅን ቃጫዎች በውሃ ተነክረው በማይክሮስኮፕ ሥር በሚሞቅ ሳህን ላይ ይደረጋሉ፣ ቃጫዎቹም ሲንቀሳቀሱና ሲያጥሩ ይታያል። አዲስ ብራና ከጠያቂው ያልለፋ ቆዳ ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ይሰጣል፤ በእርጥበት፣ በብርሃንና በጭስ የተጎዳ ግን ከ40 በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ፣ እንዲህ ያለውን ገጽ በሞቀ እርጥበት ለማቃናት መሞከር ወደ ጄላቲን መለወጥ ነው። የማሞቂያው ፍጥነት ውጤቱን እንደሚለውጥ ከላይ ስለተነገረ፣ እኛ በደቂቃ ሁለት ዲግሪ እንጠቀማለን፤ የቆዳ ፋብሪካዎችም ቁጥራቸውን ሲያወጡ ፍጥነቱን አብረው ቢጽፉልን የእናንተን አዲስ ቆዳ ከእኛ አሮጌ ብራና ጋር በአንድ መስፈርት ማነጻጸር እንችል ነበር።